አንቀመጥም ያሉ ሽማግሌዎችና አልቆምም ያለው ሞተር

በዚያ የሐምሌ እሑድ ጠዋት ቤታችን የነበረው ሰውና የቆመበት ቦታ እንዲህ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ውስጥ፣ ለእነሱ ተብሎ ከተዘጋጀው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆመዋል። አባቴ ከእነሱ ትይዩ ቆሟል፤ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። እናቴ በጓዳው በር ላይ፣ አንድ እግሯ ጓዳ፣ አንድ እግሯ ሳሎን ሆኖ ቆማለች። እኔ ማድ ቤት፣ ከጭስ መውጫዋ ቀዳዳ ሥር ቆሜያለሁ፤ ቀዳዳዋ የሳሎኑንም የግቢውንም በር ታሳያለች። ከግቢው በር ውጭ ደግሞ አንድ ወጣት ሞተር ብስክሌት በሁለት እጁ ደግፎ ቆሟል። ከሁላችንም መቆም ያቃተው ሞተሩ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ለእኔ ነው። በክረምት እምብርት ሽማግሌ የሚልክ የቸገረው ሰው ብቻ ነው፤ ታደሰንም ቸግሮት ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሞተር የሚያመላልስ ተላላኪ ነው። ወደ ጅማ ተዛውሯል፤ በዚያው ሳምንት መሄዱ ነው። ከመሄዱ በፊት የአባቴን ቃል ካገኘ ለሠርጉ ይመለሳል። ካላገኘ እንደ ሄደ ይቀራል፤ ምክንያቱም ጦር ኃይሎች አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ለሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ከአባቴ ጋር ቀጠሮ ይዟል። ባለሱቁ ደህና ሰው ነበር። ስለ እሱ ክፉ የምለው የለኝም። ከታደሰ ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ለዚህ ወግ አያስፈልግም። ፌርማታ ላይ ነው።

አባቴ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሠራዊቱ አሰናብቶታል፤ እሱ ግን ሠራዊቱን አላሰናበተም። ከአፉ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረው፤ «ደንብ» ይላል። ምሳ የሚቀርብበት ደንብ አለው፣ በር የሚንኳኳበት ደንብ አለው፣ ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ ወደ ቆጥ የሚወጡት በማዕረግ ነው የሚመስለው። የሽምግልና ደንብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥበታል። ሁለት ነገር አጥብቆ ይይዛል። አንደኛ፣ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ይቆማል፣ ይለምናል፣ እሺ ሲባል ብቻ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ጠያቂው ራሱ በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። አንድ ጊዜ የአክስቴን ልጅ ሊያገባ የፈለገ ሰው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትሎ መጥቶ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዳምጥ አባቴ አየው። «ሳይጠራ ከሰልፍ የሚወጣ ሰው ሚስት አይጠብቅም» አለና እሱንም ሽማግሌዎቹንም ባንድ ላይ አሰናበታቸው። ሰውየው ከአጥሩ ሳይወርድ ነው ነገሩ ያለቀው።

እንግዲህ ከበሩ ውጭ ሞተር ይዞ የቆመው ያ ወጣት ታደሰ ራሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ድፍረት የእሱ ጠባይ አልነበረም። ጥፋቱ የአጎቱ ጉልበት ነው። አጎቱ አባባ ተሰማ የሚኖሩት አስኮ ነው፤ የግራ ጉልበታቸው ከዓመታት በፊት ሥራ አቁሟል። በዚያ ጭቃ ታክሲ እኛ ሰፈር አይገባም፤ በቅሎ ደግሞ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ታደሰ ከኋላው አፈናጦ አመጣቸው። ሊያወርዳቸውና ወዲያው ሊጠፋ ነበር ሐሳቡ። አባባ ተሰማ ግን ከሞተሩ እንደወረዱ፣ «ኧረ አትራቅ ልጄ፤ ቶሎ ከተባረርን ማን ይመልሰኛል?» አሉት። ሽማግሌ ሲሄዱ ተስፋ ይዘው መሄድ ጥሩ ነው፤ መመለሻ ይዞ መሄድ ግን አስተዋይነት ነው። ታደሰም ሞተሩን ከአጥራችን ውጭ አቁሞ ከመታጠፊያው ኋላ ተደበቀ።

ሞተር ሲቆም ወደ ግራ ዘንበል ብሎ የሚደገፍባት ከአውራ ጣት እምብዛም የማትወፍር የብረት እግር አለችው። አስፋልት ላይ በቂ ናት። የኮልፌ መሬት ግን ዋልካ ነው። የእኛ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቅና የሰው እግር ይሰብራል፤ በክረምት ደግሞ የሰበረውን ይውጣል። አንዲት ጎረቤታችን በሰኔ የጠፋባት ጫማ በኅዳር ከመሬት ወጥቶላታል፤ ያውም ተሽሎት። እኛ በልጅነታችን መራመድ የተማርነው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። እንዲህ ያለ መሬት አንዲት ቀጭን ብረት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ማንም መገመት ይችላል።

ከሽማግሌዎቹ ተናጋሪው ሐጂ ከድር ነበሩ፤ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ አፋቸውን ለመስፋት ግን ያላቸው ክር ሁሉ የሚበቃ አይመስለኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለታደሰ ብለን…» ሲሉ ከደጅ አንድ ነገር ተንኮታኮተ።

«ምንድነው?» አለ አባቴ።

«ምንም አይደል፤ እባክዎ ጉዳያችንን…»

አባቴ ግን ወጥቷል። እንደ ወጣም ጭቃ ውስጥ የተጋደመውን ሞተርና ከመታጠፊያው ሮጦ መጥቶ የሚያነሳውን ወጣት አየ። ተመለሰና፣ «ያ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን እንደገና ጠረጉ። አባባ ተሰማ ግን፣ «የእኔ ሹፌር ነው» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ አቶ ልሳኑ። አቶ ልሳኑ ሽምግልና የሚጠሩት ለዚህች ቃል ነበር፤ ማን ምን ቢል «እውነት ነው» ይላሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን አባቴ ሌላም ደንብ ነበረው። «የአባባ ተሰማ ሹፌር በደጄ ቆሞ እኔ እዚህ ስለ ጋብቻ አላወራም» አለ። «ገብቶ እህል ይቅመስ።»

«አይ፣ ሞተሩን ትቶ አይገባም» አሉ አባባ ተሰማ። «ይወድቅበታል።»

«ለምን ይወድቃል?»

«መሬቱ ረጥቦ።»

አባቴ ይህን እንደ ስድብ ነው የወሰደው። «በእኔ ደጅ?» አለና ሱሪውን ጠቅልሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹም እንደ ቆሙ ቀሩ።

ግቢያችን ትንሽ ስለነበረች፣ የአባቴም ድምፅ የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ማድ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

«ስምህ ማነው?» አለው አባቴ።

ታደሰ ወደ ሳሎኑ በር አየ። ቤት ውስጥ የሽማግሌዎቹ አፍ ላይ ያለው ስም ታደሰ ነው። «ወልደ ሚካኤል» አለ።

የክርስትና ስሙ ነው። አልዋሸም። ሰው በተጨነቀበት ሰዓት እውነት የሆነ መልስ መፈለጉ ያስደንቃል፤ ብዙ ሰው ቅርብ ያለውን ነው የሚያነሳው።

«በል ወልደ ሚካኤል፣ አጥሩ ላይ አስደግፈው።»

አጥራችን ቅንጭብ ነበር። ሞተሩ ሲደገፍበት አጥሩ ጎረቤታችን ላይ ተደገፈ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ምን ላይ እንደሚደገፍ ስላጣ ጮኸ። «እሺ፣ በገመድ ከበሩ ቋሚ ጋር እንሰረው» አለ አባቴ። ነገር ግን ያንን ቋሚ አቁሞት የኖረው በሩ ነበር፤ ሞተር ሲታከልበት ሁለቱም ለመሄድ ተነሱ።

«እንግዲህ በጎኑ ላጋድመው አባባ» አለ ታደሰ።

«የማነው ሞተሩ?»

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

«የመንግሥት ንብረት ጭቃ ላይ አይተኛም!» አለ አባቴ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እንግዳ የመቀበል መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ።

መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መጣ። እናቴ በርበሬ የምትደልዝበት የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ስትሰጠው ፊቷ ጥሩ አልነበረም። የብረቷን እግር ድንጋዩ ላይ አሳረፏት። አባቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተመለከተ። ድንጋዩ ጥቂት አሰበና ከነብረቷ ቁልቁል ጉዞ ጀመረ። «ያዘው!» አለ አባቴ፤ ታደሰ ያዘው። የቅቤ ጣሳ ክዳን መጣ፤ ብረቷ በስታው አለፈች። ከዚያ አባቴ ከአልጋ ሥር የጡረታ ጫማውን አወጣ። የወታደር ቦት ነው፤ ተረከዙ ሰፊ፣ ብዙ አገር የረገጠ። የሞተሩን እግር ቦቱ ውስጥ ከተቱና ማሰሪያውን አጥብቀው አሰሩት። ሞተሩ ባለ አንድ ጫማ ሆኖ ቆመ። እናቴም ሳትወድ ሳቀች።

«ይኸው» አለ አባቴ። «ይህ ጫማ ኦጋዴን ውስጥ አንድም ቀን አልሸሸም።»

እውነቱን ነው፤ ያኔም አልሸሸም። በቆመበት ሰጠመ።

እትዬ ሙሉ የምትባል፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረሰች። «ሃምሳ አለቃ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ሞተር እየተከልኩ ነው!» አለ አባቴ በንዴት።

«ይጽደቅልዎ! ሲያፈራ ለእኛም አንድ ይስጡን» ብላ አለፈች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ታደሰ ሞተሩን አልለቀቀም። ይህን ያየሁት በጭስ ቀዳዳ ነው፤ በጭስ ቀዳዳ ያዩት ነገር ግን ልክ ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር ስለማይኖር። ዝናቡ ያካፋል፣ ጫማው ጠፍቷል። አባቴ «ወደ ቀኝ!» ሲለው ወደ ቀኝ፣ «ወደ ግራ!» ሲለው ወደ ግራ። አንድ ጊዜ እንኳ «አይሆንም» ሲል አልሰማሁትም። አባቴንም እንዲሁ አደንቃለሁ። ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ የሰው ሞተር ነው፤ ቢወድቅ የሚነካው ነገር የለም። ነገር ግን ነገር በደጁ ሲወድቅ ማየት አልቻለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች ብዙ ነገር ሲወድቅ ቆመው ሲያዩ አይቻለሁ።

ሳሎን ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ አድናቆት ይገባቸዋል። አባባ ተሰማ በአንድ እግራቸው ነው የቆሙት። መዳፋቸውን ባዶው አግዳሚ ላይ አሳርፈው ነበር፤ መደገፍ መቀመጥ አይደለም። እናቴ፣ «አባባ፣ እባክዎ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብትላቸው፣ «ተቀምጬ ልለምን እንዴ ልጄ? የሰው ልጅ ሊወስድ የመጣ ሰው ነኝ» አሏት።

«እውነት ነው» አሉ አቶ ልሳኑ፣ ወንበሩን በስስት እያዩ።

ደጅ አባቴ አዲስ ዘዴ አምጥቷል። «ዋልካን በዋልካ ነው» አለ። የጤፍ ገለባ አስመጥቶ እንደ ቤት ጭቃ እየረገጡ፣ ለሞተሩ እግር የሚሆን ጠንካራ መደብ ሊሠሩለት ነው። አባቴ አንድ እጁን ለሞተሩ ሰጥቶ በእግሩ ያቦካል፤ ታደሰ በሌላው በኩል ሞተሩን ደግፎ በእግሩ ያቦካል። ከሩቅ ለሚያይ ሁለት ሰዎች ሞተር መሐላቸው አድርገው እስክስታ የያዙ ይመስላሉ። ጭቃ ሲያቦኩ ደግሞ ወሬ መምጣቱ አይቀርም።

«ስማ ወልደ ሚካኤል» አለ አባቴ። «ሽማግሌ ያሞግሳል፤ ሥራው ነው። ሹፌር ግን ያያል። ይህን ታደሰ የሚሉትን ታውቀዋለህ?»

እኔ ከቀዳዳዋ ሥር ያለውን ግድግዳ ያዝኩ።

«አውቀዋለሁ» አለ ታደሰ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እሱን እኔ ብናገር ጥሩ አይመስለኝም አባባ።»

«ለምን? ትፈራዋለህ?»

«አይ። አንዳንዴ አፍርበታለሁ።»

«ይጠጣል?»

«ዓመት በዓል ሲሆን።»

«ቁጡ ነው?»

«ሞተር ሲወድቅበት።»

«ደመወዙስ?»

«ብዙ አይደለም። ይህን ሽማግሌዎቹ አልነገሩዎትም?»

«ሊነግሩኝ ሲሉ ነው ሞተርህ የወደቀው» አለ አባቴ። ጥቂት ረገጠ። «ይዋሻል?»

ታደሰ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ከተዋጠው እግሩ ወደ ሞተሩ አየ፤ ከሞተሩ ወደ አባቴ አየ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አይዋሽም ነበር» አለ።

አባቴ መርገጡን አቆመ። ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው፤ ታች ያለው ጭቃ ስለነበር ብዙም አልቆየም። እኔ ሁሉ ነገር አበቃ ብዬ ነበር። ሱቁ፣ ባለሱቁ፣ ሚዛኑ ሳይቀር ታየኝ።

«ገለባ ጨምር» አለ አባቴ።

ገለባው ተጨመረ። መደቡ ተሠራ፤ ያማረ መደብ ነበር፣ ሰው ቢተኛበት ይመቸዋል። የሞተሩ እግር ግን እንደ ማንኪያ ገባበት። በዚህ ጊዜ አባቴ ቀና ብሎ ዝናቡን አየና ድንገት ወደ ቤት ተራመደ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጺሙ ላይ ገለባ ሆኖ ሳሎን ገባና ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሳ።

«የማትቀመጡበት ከሆነ ልዋሰው» አለና አግዳሚውን አንስቶ ወጣ።

ሰፊ ጥድ ነበር፣ ቤታችን ውስጥ ካለው እንጨት ሁሉ ሰፊው። ፊቱን ወደ ጭቃው ደፍተው፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኙትና ሞተሩን ከአግዳሚው አጠገብ አቆሙ። የብረቷ እግር ጣውላው ላይ አረፈች። ታደሰ አንድ እጁን ለቀቀ። ሁለተኛውን ለቀቀ። ሞተሩ ቆመ! አባቴ ተረከዙን ገጥሞ ሰላምታ ሊሰጠው ምንም አልቀረው።

«በል እንግዲህ ወልደ ሚካኤል» አለ፣ «ታጠብና ግባ።»

ምክንያት አልቋል። ታደሰ ሞተሩን አየው፤ የዚያን ቀን ሞተሩ እንዲወድቅለት የፈለገው በዚያች ደቂቃ ብቻ ይመስለኛል። «ሆዴን ትንሽ አሞኛል አባባ» አለ።

«አሁን ደግሞ ሆድህን?» አለ አባቴ። መልስ ሳይጠብቅ ሊታጠብ ወደ ቤት ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ደርሷል። አግዳሚው ሲነሳ የአባባ ተሰማ መዳፍ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። እንደ ሞተሩ መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመሙ። ሐጂ ከድር ሊይዟቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሱም። አባባ ተሰማ ቀስ ብለው፣ በክብር፣ ጥግ ላይ ወደነበረው የጤፍ ጆንያ ወረዱ። ተቀመጡ።

«ተሰማ! ምን ማድረግህ ነው?» አሉ ሐጂ ከድር በሹክሹክታ። «ቃል ሳናገኝ! ተነስ!»

«እየተነሳሁ ነው።»

«የታለ?»

«ሐሳቤ ተነስቷል ሐጂ፤ ጉልበቴ ነው የቀረው።»

«በዚህ ሰውዬ ቤት ደንብ አፈረስክ! ሳይፈቀድለት የተቀመጠ ሽማግሌ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። የልጁን ነገር አጠፋኸው እኮ!»

እናቴ ሮጣ ከአንዱ ብብታቸው፣ ሐጂ ከድር ከሌላው ገቡ። ሊያነሷቸው ትንሽ ሲቀራቸው አባቴ በሩ ላይ ደረሰ። እነሱም ለቀቋቸው፤ አባባ ተሰማ እንደገና ተቀመጡ። ያኔ ከማድ ቤት ወጥቼ በጓዳው በኩል ገብቼ ነበር፤ የማልታይ መስሎኝ።

አባቴ ጆንያውን አየ። ጆንያው ላይ ያሉትን አየ።

«አባባ ተሰማ» አለ፣ «ተቀምጠዋል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ በሽበቴ ይቅር ይበሉኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ጉልበቴ ነው…»

«ሐጂ፣ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ ይቀመጣል?»

ሐጂ ከድር አንገታቸውን ደፉ። «አይቀመጥም» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ አቶ ልሳኑ። በሕይወታቸው ዝም ማለት የነበረባቸው አንድ ቀን ቢኖር ያ ነው።

አባቴ ከጺሙ ላይ ገለባውን ነቀለ። ገለባዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያም፣ «እንግዲያው ቃል ሰጥቻለሁ ማለት ነው» አለ።

ማንም አልገባውም። አባቴ ትእዛዝ እንደሚያነብ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቸው። «ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም። እሳቸው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቃል አግኝተዋል። ልጄን ሰጥቻለሁ። በእኔ ቤት ሽበት ያለው ሰው ደንብ አፈረሰ አይባልም።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ እጁን አነሳ። «ቆይ። እነዚህ ሁለቱ አሁን ለምን ይቆማሉ? አግዳሚው ታጥቦ ይመለስና ይቀመጡበት።»

«ሞተሩስ?» አለች እናቴ።

«ልጁ ይያዘው።»

አባባ ተሰማ ደስታው ጥንቃቄያቸውን ወሰደባቸው። «ኧረ ወልደ ሚካኤልም ገብቶ እህል ይቅመስ እንጂ! አሁን ሲሉ አልነበር?»

«ወልደ ሚካኤል ቢሆን ይገባ ነበር» አለ አባቴ። «ታደሰ ግን ዛሬ እኔ ቤት አይገባም። ደንብ አይደለም።»

 አቶ ልሳኑ እንኳ «እውነት ነው» አላሉም።

አባቴ ዞር ሳይል፣ እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ መቆሜን እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፣ በስሜ ጠራኝ።

«ለአንድ ሰው ይከብዳል» አለኝ። «ሂጂና በዚያኛው በኩል ያዢለት።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።